የአንገት ነገር

አማርኛችን አንገትን እንደ ሌላው የሰውነት ክፍል ዝም ብሎ አያልፈውም። ያፈረ ሰው አንገቱን ይደፋል፤ የኮራ ያቀናል። ዝምተኛውን የምንፈራው «አንገት ደፊ አገር አጥፊ» ብለን ነው። ማተብ የምናስረው አንገት ላይ ነው፤ ክታብ የምናንጠለጥለውም እዚያው ነው። አበው ደግሞ «አንገት የተሠራው አዙሮ ለማየት ነው» ይላሉ። ምክሩ መልካም ነው፤ ችግሩ የሚመጣው አንገት «አልዞርም» ያለ ቀን ነው።

እኔ አልዞርም የሚል አንገት ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። በአምስተኛውና በስድስተኛው አጥንት መካከል ያለው ዲስክ መጎዳቱን ሐኪሞች ነግረውኛል። ሕመሙ ከማጅራቴ ተነስቶ ትከሻዬን ይሻገርና በክንዴ በኩል እስከ አውራ ጣቴ ይወርዳል። መንገድ ላይ ሰው ሲጠራኝ በሙሉ ሰውነቴ ስለምዞር የማያውቁኝ ኩራተኛ ይሉኛል።

መፍትሔ ፍለጋ ስንከራተት ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። እኔ በሁለት ዓመት ውስጥ ያንኳኳኋቸው በሮች የሰው ልጅ በሺህ ዓመታት ውስጥ አንድ በአንድ የከፈታቸው ናቸው። ወጌሻው፣ ፍልውሃው፣ ጠበሉ፣ ራጁ፣ ኤም አር አይ የሚሉት መሣሪያ፣ የቀዶ ሕክምናው ጠረጴዛ። በሌላው ዓለም አንዱ ሲመጣ ሌላው ወደ ኋላ ቀረ፤ በእኛ ከተማ ግን ሁሉም በአንድ ታክሲ መስመር ላይ ይገኛሉ። እናም አንገቴን ማዞር ባይሆንልኝ ታሪኩን ወደ ኋላ ዞሬ ልይ ብዬ ተነሳሁ።

አስቀድሞ ስለ ዲስክ ትንሽ እንበል። አንገታችን ሰባት አጥንቶች አሉት። ቀጭኔም ያላት ሰባት ነው፤ የርዝመት እንጂ የቁጥር ብልጫ የላትም። ከላይኞቹ ሁለት አጥንቶች መካከል በስተቀር በየአጥንቱ መሃል አንድ አንድ ትራስ አለ። የትራሱ ዙሪያ ክር በክር የተጠላለፈ ጠንካራ ቀለበት ነው፤ ውስጡ ዝልግልግ ያለና ውሃ የጠገበ። ዕድሜ ሲገፋ ውሃው ይቀንሳል፣ ትራሱም ይሳሳል። ደም ስር እንደ ልብ ስለማይደርሰው ሲቀደድ እንደ ቆዳ ቁስል ቶሎ አይሽርም። ቀለበቱ ተሰንጥቆ የውስጡ ሲወጣ ደግሞ በአጠገቡ የሚያልፈውን ነርቭ ይጫነዋል፣ ያስቆጣዋል። በዚህ ጊዜ አንገቱ የተጎዳው ሰውዬ ክንዱን ይዞ ይጮኻል። ወደ መሃል ከገፋ ግን የሚያገኘው ሕብለ ሰረሰርን ነው። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው፤ እንመለስበታለን።

ሕዝቡ ይህን ሁሉ «ዲስክ መንሸራተት» ብሎ ጠቅልሎታል። ዲስክ እንደ ሳሙና አይንሸራተትም፤ ይቀደዳል፣ ይወጣል እንጂ። ስሙ ግን ለመድን።

* * *

ስለ አንገት ጉዳት የተጻፈ እጅግ ጥንታዊ ሰነድ ከተባሉት አንዱ የተገኘው በዓባይ ታችኛው ጫፍ፣ በግብፅ ነው። ኤድዊን ስሚዝ የሚባል አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1862 ሉክሶር ላይ የገዛው የፓፒረስ ጥቅልል ነው። ጄምስ ብረስትድ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1930 ተርጉሞ አሳተመው። ጥቅልሉ ከ3,600 ዓመት ገደማ በፊት የተገለበጠ ሲሆን የ48 ጉዳቶችን ታሪክ ከራስ ቅል ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ይዘረዝራል።

የሚያስገርመው የመድኃኒቱ ዝርዝር አይደለም። የሚያስገርመው ሐኪሙ እያንዳንዱን በሽተኛ ከመረመረ በኋላ ከሦስት ፍርዶች አንዱን መስጠቱ ነው። አንደኛው የማክመው ነው፤ ሁለተኛው የምታገለው ነው፤ ሦስተኛው የማይታከም ነው። አንገቱ የተወለመና ዞሮ ለማየት የሚያመው በሽተኛ ሲመጣ የመጀመሪያውን ፍርድ ይሰጣል። በመጀመሪያው ቀን ጥሬ ሥጋ ያስርበታል፤ ከዚያ በኋላ እስኪሻለው ድረስ በየቀኑ ማር ያለበት መድኃኒት ያደርግለታል። የአንገቱ አጥንት ከቦታው ወጥቶ እጅና እግሩን የማይሰማው፣ ሽንቱም ሳያውቀው የሚንጠባጠብ ሰው ሲመጣ ግን ሐኪሙ ሦስተኛውን ፍርድ ይሰጣል።

ልብ በሉ! ራጅ የለም፣ የደም ምርመራ የለም። ሰውዬው ያለው ዓይኑ፣ እጁና ጥያቄው ብቻ ነው። በዚያ ብቻ የሚያም አንገትንና የሚያሽመደምድ አንገትን ለይቷል። የሚያመው ይድናል፤ የሚያሽመደምደው ግን ሌላ ነው። ይህን ልዩነት ያዙልኝ፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ ሁሉ እሱ ነው።

ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ በግሪክ፣ በሂፖክራተስ ስም በሚጠሩት የሕክምና ጽሑፎች ውስጥ፣ አከርካሪው የጎበጠን ሰው መሰላል ላይ አስሮ ከከፍታ መሬት ላይ ማፍረጥ የሚባል ሕክምና ተገልጿል። ጸሐፊው አሠራሩን በዝርዝር ካስረዳ በኋላ በዚህ መንገድ የተቃና ሰው እንደማያውቅ ይናገራል። ይህን የሚያዘወትሩትም ሕዝብ ሰብስበው ማስደነቅ የሚወዱ ሐኪሞች ናቸው ብሎ ይተቻቸዋል። እንግዲህ ሰው የሚሰበሰብበት ሕክምና ሁሉ የሚያድን እንዳልሆነ የታወቀው ዛሬ አይደለም።

በሁለተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ደግሞ ሮም ውስጥ ጋለን የሚባል ሐኪም ነበር። ጳውሳንያስ የተባለ ከሶርያ የመጣ ምሁር ጣቶቹ ደንዝዘው ወደ እሱ መጣ። ሌሎቹ ሐኪሞች ጣቶቹን መድኃኒት ሲቀቡ ከርመዋል፤ ለውጥ የለም። ጋለን ጣቱን ከማየት ይልቅ መጠየቅ ጀመረ። ሰውዬው ለካ ከሠረገላ ወድቆ ከአንገቱ ሥር ጀርባውን ተመትቶ ኖሯል። ጋለን መድኃኒቱን ከጣት አንስቶ ነርቩ ከሚነሳበት ከአከርካሪው ላይ አደረገው፤ ሰውዬውም ተሻለው። የሕመሙ ቦታና የሕመሙ ምንጭ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የተሻለ የሚያስተምር ታሪክ አላውቅም። እኔም አውራ ጣቴ ሲደነዝዝ የጣት ቅባት ስገዛ ከርሜያለሁና ታሪኩን ሳነብ ጳውሳንያስን እንደ ዘመዴ ነው ያየሁት።

* * *

ወደ አገራችን እንምጣ። እዚህ የአንገት ሐኪም ወጌሻ ነው። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ፣ ከእናት ወደ ልጅ የሚወርድ፣ ስብራት የሚጠግን፣ ውልቃት የሚመልስ፣ የተጎዳ ጅማት የሚያሽ። ክብሩ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ የስፖርት ጋዜጠኞቻችንን መስማት ይበቃል። የእግር ኳስ ቡድን የሕክምና ባለሙያ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ሜዳ ሲገባ «ወጌሻው ገባ» ነው የሚሉት። የቀድሞው ስም አዲሱን ሙያ ወረሰው።

እኔም ሄጃለሁ። ሽማግሌው ወጌሻ ለጋ ቅቤ አሙቀው ማጅራቴንና ትከሻዬን ሲያሹኝ፣ በሕክምና ቤት ለሦስት ወር ያልተፈታው ጡንቻ በግማሽ ሰዓት ተፈታ። ሁለት ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ። በሦስተኛው ቀን ግን አገጬን በአንድ እጃቸው፣ አናቴን በሌላው ያዙና «አሁን አንዴ ቀጭ ላድርጋት፣ ልጄ» አሉኝ።

«አባባ፣ ይህቺን እንኳ ይተዉልኝ» አልኳቸው።

«ፈራህ?»

«አንገት አንድ ነው ብዬ ነው።»

ሳቁና ተዉኝ። አስተዋይ ሰው ነበሩ። ሁሉም ግን እንደ እሳቸው አይደለም። ከመጠን በላይ ጠብቆ የታሰረ ስብራት ደም አጥቶ እጃቸው ወይም እግራቸው የተቆረጠ ሕፃናት ታሪክ በሕክምና መጽሔቶች ላይ በተደጋጋሚ ተጽፏል። አንገትን በኃይል ማጠማዘዝም ወደ አንጎል የሚወጣውን ደም ስር የሚጎዳበት አጋጣሚ አለ፤ ብዙ ጊዜ አይደርስም፣ ሲደርስ ግን ከባድ ነው።

ከወጌሻው ቀጥሎ ፍልውሃ አለ። አዲስ አበባ ራሷ የፍልውሃ ልጅ ናት። ቤተ መንግሥቱ እንጦጦ ተራራ ላይ ሳለ መኳንንቱ ከብርዱ ሽሽት ፊንፊኔ ወርደው በፍልውሃው ይታጠቡ ነበር። እቴጌ ጣይቱ ቦታውን ወደው ቤት ካሠሩበት በኋላ በ1879 ዓ.ም. ከተማዋ ተቆረቆረች። የዋና ከተማችን ታሪክ ከቁርጥማትና ከብርድ ሕመም ጋር እንዲህ የተያያዘ ነው። ሙቅ ውሃ የተኮማተረ ጡንቻ ያፍታታል፣ ሕመምም ያስታግሳል። የተቀደደ ዲስክ ግን አይሰፋም።

ጠበልም አለ፤ ዋግምትም አለ። እዚህ ላይ እምነትን ከሕክምና ጋር ማጣላት አልሻም። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ መድኃኒትና ጠበል አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ ለምእመናን ሲናገሩ ያ ጠብ በብዙ ሰው ልብ ውስጥ ረግቧል። ለአንገትም ቢሆን ነገሩ ያው ነው። ጸሎቱ የሐኪሙን ቀጠሮ እስካላስቀረ ድረስ ማንንም አይጎዳም።

* * *

እ.ኤ.አ. 1895 ለአከርካሪ ልዩ ዓመት ነበር። በመስከረም ወር አሜሪካ፣ አዮዋ ውስጥ ዳንኤል ፓልመር የተባለ ሰው የአንድን ጆሮው የደነቆረ ሠራተኛ አከርካሪ ገፍቶ መስማት አስችዬዋለሁ አለ። ካይሮፕራክቲክ የሚባለው አከርካሪን በእጅ የመግፋት ሙያ ከዚያ ተነሳ። ሁለት ወር ሳይሞላ ጀርመን ውስጥ ቪልሄልም ሮንትገን ራጅን አገኘ። አንዱ አጥንትን በእጅ፣ ሌላው በጨረር ያዙት።

ራጅ ግን አጥንት እንጂ ዲስክ አያሳይም። በዚህ የተነሳ ከ1895 በኋላም ለብዙ ዓመታት ሐኪሞች ነርቭ የተጫነን ነገር በቀዶ ሕክምና ሲያወጡ «የአከርካሪ ዕጢ» ይሉት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1934 ቦስተን ላይ ዊልያም ሚክስተር የተባለ የነርቭ ቀዶ ሐኪምና ጆሴፍ ባር የተባለ የአጥንት ሐኪም ባወጡት ጽሑፍ ነገሩ ተገለጠ። ዕጢ ሲባል የኖረው አብዛኛው ተቀድዶ የወጣ የዲስክ ቁራጭ ነበር። ካቀረቧቸው በሽተኞች የአንገቱም ነበሩበት።

ከዚያ በኋላ ቢላዋው ተሳለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ባልቲሞር ውስጥ ሮቢንሰንና ስሚዝ፣ ሃዋይ ውስጥ ደግሞ ራልፍ ክላዋርድ፣ አንገትን ከኋላ ሳይሆን ከፊት በጉሮሮ በኩል ከፍቶ ዲስኩን ማውጣትንና በቦታው ከዳሌ የተወሰደ አጥንት መትከልን አስተማሩ። ዛሬም በዓለም ዙሪያ የሚሠራው ይኸው ነው፤ መሙያው ብቻ ተሻሽሏል። እ.ኤ.አ. በ2007 ደግሞ የሚንቀሳቀስ ሰው ሠራሽ የአንገት ዲስክ በአሜሪካ ፈቃድ አገኘ።

ዲስክን ራሱን በግልጽ ያሳየን ኤም አር አይ ነው። ፖል ሎተርበርና ፒተር ማንስፊልድ እ.ኤ.አ. በ2003 ኖቤል የተሸለሙበት መሣሪያ። ሥዕሉን አይቶ የማይደነግጥ የለም። እኔም ሪፖርቴን ሳነብ «ደርቋል»፣ «ወጥቷል»፣ «ጠብቧል» የሚሉትን ቃላት ቆጥሬ ኑዛዜ ልጽፍ ምንም አልቀረኝም ነበር።

ኋላ ግን አንድ ጥናት አገኘሁ። ጃፓን ውስጥ ምንም የአንገት ችግር የሌለባቸው 1,211 ጤነኛ ሰዎች ኤም አር አይ ተነስተው ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2015 ታተመ። ከመቶው 87.6 የሚሆኑት ዲስካቸው ወደ ውጭ ገፍቶ ተገኘ። አዎ፣ ምንም የማያማቸው ሰዎች! ሽበት ፎቶ ላይ ስለታየ በሽታ ነው እንደማይባል ሁሉ፣ የደረቀ ዲስክም ሥዕል ላይ ስለታየ ብቻ የሕመሙ ምንጭ እሱ ነው አይባልም። ሥዕሉ ከሰውዬው ሕመምና ከምርመራው ጋር ካልገጠመ ሥዕል ብቻ ነው።

ሌላም አለ። አሜሪካ፣ ሮቸስተር ውስጥ ከአንገት የተነሳ የነርቭ ሕመም ያለባቸው 561 ሰዎች ተከታትለው የተጠኑበት ሥራ እ.ኤ.አ. በ1994 ወጥቷል። ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው ከመቶ 26ቱ ናቸው። በመጨረሻ ሲታዩ ከመቶ 90ዎቹ ወይ ሕመም አልነበራቸውም ወይም ቀለል ያለ ችግር ብቻ ነበራቸው። የወጣ ዲስክም ብዙ ጊዜ ሰውነት ራሱ ቀስ በቀስ ይመጠውና ይሟሽሻል። የግብፁ ሐኪም «የማክመው ነው» ያለው አንገት ዛሬም በአብዛኛው ያው ነው።

* * *

ታዲያ በእኛ አገር ይህ ዕውቀት ለማን ደረሰ?

የነርቭ ቀዶ ሐኪም በኢትዮጵያ ለብዙ ዘመን በጣት የሚቆጠር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006፣ በእኛ በ1998 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የነርቭ ቀዶ ሕክምና ስፔሻሊቲ ትምህርት ከኖርዌይ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ተጀመረ። እዚያ የሰለጠኑ ሐኪሞች ዛሬ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞችም ይሠራሉ። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ በጋዜጣ የፊት ገጽ ላይ ግን አልታየም።

ከዚያ በፊት ያለው ሰው መንገዱ ባንኮክ ወይም ሕንድ ነበር። የሕክምና ቦርድ ወረቀት፣ የውጭ ምንዛሪ፣ የተሸጠ ቤት፣ የዕድር መዋጮ፣ ፎቶው ተለጥፎበት «ወገኖቼ ድረሱልኝ» የሚል ወረቀት። የሌለው ደግሞ አንገቱን ይዞ ቤቱ ቀረ። የሚገርመው አንገቱ የሚጎዳው በብዛት ይኸው የሌለው መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1968 ሎረንስ ሌቪ የተባለ የሳልስበሪ (የዛሬዋ ሐራሬ) የነርቭ ቀዶ ሐኪም በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ጭነት በራሳቸው ስለሚሸከሙ ሰዎች የአንገት ጉዳት ሲጽፍ ስሙን «የተሸካሚ አንገት» አለው። መርካቶ ቆሞ ከጭነት መኪና ላይ ኩንታል የሚያወርዱትን ወጣቶች ያየ ሰው ይህ ስም አይከብደውም።

አሁን ችግሩ ሁለት መልክ ይዟል። ያለው ሰው ከሚገባው በላይ ይታከማል፤ የሌለው ሰው ከሚገባው በታች። እኔ በሦስት ቦታ ታይቻለሁ። የመጀመሪያው ሐኪም እጄን ሳይነካ ሥዕሉን መብራት ላይ ሰቅሎ «በሚቀጥለው ሳምንት እንክፈተው» አለኝ። ሁለተኛው አንገቴን በገመድ ሊያስጎትተኝ ቀጠሮ ሰጠኝ። ሦስተኛዋ ሐኪም ሥዕሉን ወደ ጎን አደረገችና «ጣቴን ጨብጠኝ፤ ክንድህን አንሳ፤ በተረከዝህ ሂድ፤ ሸሚዝህን ቆልፍ» አለችኝ። ሁሉንም ሠራሁ። «ጉልበትህ ሙሉ ነው። ስፖርቱን ሥራ፣ መድኃኒቱን ውሰድ፣ ጥቂት ወራት ስጠው። እጅህ ከደከመ ግን በነጋታው ና» አለችኝ። ጋለንም፣ የግብፁ ሐኪምም ቢሆኑ ከዚህ የተለየ የሚያደርጉ አይመስለኝም። ሕመሙ አልጠፋም፤ ግን አብሮኝ መኖርን ለምዷል፤ እጄም አልደከመም።

የሰፈራችን አናጢ ግን እንደኔ አልታደለም። እሱ እንዲያውም ብዙ አላመመውም ነበር። መጀመሪያ ሚስማር ከጣቱ ማምለጥ ጀመረ። ቀጥሎ የሸሚዙን ቁልፍ ልጁ ትቆልፍለት ጀመር። ከዚያ ሲሄድ እግሩ ተሳሰረ፤ ነጠላ ጫማው ሳይሰማው ከእግሩ ይወልቃል። ብርድ ነው ተባለ፤ ታሸ። ምች ነው ተባለ፤ ታጠነ። ስምንት ወር አለፈ። ሐኪም ዘንድ ሲደርስ የወጣው ዲስክ ሕብለ ሰረሰሩን ተጭኖት ተገኘ። ቀዶ ሕክምናው ተሠራለት፤ በሽታው ባለበት ቆመ። ስምንት ወር የወሰደው ግን ሁሉም አልተመለሰም። ዛሬ ሌሎች አናጢዎችን ያሠራል እንጂ መዶሻ አይጨብጥም።

አያችሁ፣ ከ3,600 ዓመት በኋላ የተለወጠው ሦስተኛው ፍርድ ነው። ያኔ «የማይታከም» የተባለው በሽተኛ ዛሬ የሚታከም ሆኗል፤ በጊዜ ከደረሰ። የመጀመሪያው ፍርድ ግን አልተለወጠም። የሚያም ብቻ የሆነ አንገት ትዕግሥት፣ እንቅስቃሴና ቀለል ያለ መድኃኒት ይበቃዋል፤ ቢላዋ የሚያስፈልገው ጥቂቱ ነው። እኛ ጋ የተገለባበጠው ይህ ነው። መታገሥ በሚገባን ቤት ሸጠን እንሮጣለን፤ መሮጥ በሚገባን ደግሞ እንታገሣለን።

ስለዚህ አንገታችሁን የሚያማችሁ ሁሉ፣ መታሸት ያማራችሁ ታሹ፤ ማስጠምዘዙን ግን ተዉት። ፍልውሃውም ደስ ካላችሁ ግቡበት። ሥዕሉን ስታዩ አትደንግጡ፤ እጃችሁን ሳይነካ በሥዕሉ ብቻ «እንክፈተው» ያላችሁን ሐኪም ግን ሌላ ሐኪም ጋ ሄዳችሁ አመሳክሩት። ከመውደቅ ወይም ከመኪና አደጋ በኋላ የመጣ ሕመም፣ ከትኩሳት ወይም ከክብደት መቀነስ ጋር የመጣ ሕመም፣ የደከመ እጅ፣ የተሳሰረ እግር፣ ያስቸገረ ሽንት፣ እነዚህ ከወጌሻ አቅም በላይ ናቸው። እናትና አባት ያላችሁም እስቲ ዛሬ ማታ ሸሚዛቸውን ሲቆልፉ አስተውሉ። ቁልፍ ያስቸገረው ሰው ዕድሜ ነው ተብሎ አይተው፤ በማግስቱ ሐኪም ይየው።